ማግኔት የማይስበው እጀታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

መብራት ጠፍቶ ረፋዱን ቁጭ ብለን አሳለፍነው። ያለ መብራት ክሮም መንከር የለ። የክሮም ቤቱ ባለቤት ጋሽ ገሰሰ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እኔ የአንድ የሰርግ መኪና ፓራውልት ሳወለውል ዋልኩ። ሌላ ምንም።

አይ፣ አለ። አንድ ልጅ መጣ። መሐሪ ይባላል። የአባቱን ቮልስ እያደሰ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ኦሎምፒያ ያለው ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር አለኝ። ይዞ የመጣው አንድ የጎማ ሽፋን ብቻ።

«ሌሎቹስ?»

«ቀስ እያልኩ አመጣቸዋለሁ።»

ሲስቅ አንዱ ጥርሱ ትንሽ ጠመም ይላል። ይሄን ለምን ጻፍኩት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሁለተኛውን ሽፋን አመጣ። እሱን ብቻ። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት... የአንድ መኪና ዕቃ አብሮ ካልተነከረ መልኩ አይመሳሰልም፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ በጆንያ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። በጥሞና ሰማኝ። «ልክ ነሽ» አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሦስተኛውን ሽፋን አመጣ። እሱን ብቻ።

ጋሽ ገሰሰ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ይሄ ልጅ ክሮም ነው የሚፈልገው ወይስ ታክሲ መሳፈር?» አሉ። ፊቴ ጋለ። ሥራ የያዝኩ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከእማዬ ጋር ሾላ ገበያ ሄድን። እሷ በርበሬ ስትመርጥ እኔ በሐሳቤ ቮልስ እየፈታሁ ነበር። አራተኛው ሽፋን ትናንት መጣ። ቀጥሎ ስፖኪዮ፣ ከዚያ የፊት ፓራውልት፣ የኋላ ፓራውልት... ከዚያስ? ቮልስ ትንሽ መኪና ናት። ምነው አባቱ አውቶቡስ በነበራቸው።

«ማል ታቴ?» አለችኝ እማዬ በኦሮምኛዋ፣ ምን ሆነሻል ስትል።

ምንም አልሆንኩም አልኳት። ለካ ሽንኩርቱን ቲማቲም ብዬ ዋጋ እየጠየቅኩ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

የኋላውን ፓራውልት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከመገናኛ በሚኒባስ መጣ። ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለው። እሱ ግን ደስ ብሎት ነው የሚያወራው።

«ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?»

ትንሽ አሰበ። «የበር እጀታ አለ... አንድ።»

አንድ እጀታ። ከዚያ አለቀ ማለት ነው። እኛ ጋ ገርጂ ድረስ የሚያመጣው ሌላ ምን ጉዳይ አለው?

ወድጄዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እጀታው መጣ። ሲሰጠኝ ጣቱ ጣቴን ነካው። ዓርብ እወስደዋለሁ አለ። ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ። ጋሽ ገሰሰ ሬዲዮኑን ዘጉት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጋሽ ገሰሰ እጀታውን ራሳቸው ሠርተው ጨረሱት። ሌላ ጊዜ አንድ ዕቃ ወር ያቆያሉ፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ፈጠኑ? ነገ መጥቶ ይወስዳል። ቻው ነው በቃ።

መሐሪን አልደረሰም ልበለው ይሆን? መዋሸት አልወድም። ስለዚህ እውነት እንዲሆን አደረግኩት። ጋሽ ገሰሰ ሲወጡ እጀታውን አሲድ ውስጥ ጨመርኩት። ክሮሙ ይለቃል፣ እንደገና እንነክረዋለን፣ እሱም እንደገና ይመጣል። እንደኔ ያለ ብልህ የት ይገኛል? እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጠዋት ገንዳውን ከፈትኩ። እጀታው የለም። የቀረችው የመሐሉ ብረት ብቻ ናት።

ዚንክ ነበር። ዚንክ አሲድ ውስጥ እንደ ስኳር ነው የሚሟሟው። የክሮም ቤታችን የመጀመሪያ ሕግ፦ ማግኔት ያልሳበው ዕቃ አሲድ አይገባም። ማግኔቱ ገንዳው አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አባቱ በየቀኑ ይይዙት የነበረውን እጀታ አቀለጥኩት። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቀትር ላይ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። አሲዱን፣ ማግኔቱን... ለምን እንደጨመርኩትም ጭምር። «መምጣትህ እንዳይቀር ብዬ ነው» አልኩት። መሬት መሬት እያየሁ።

የተረፈችውን ብረት አንስቶ አገላበጣት። በቃ፣ ጠላኝ አልኩ።

«ደሪቱ... የአባቴ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እጀታው። የፔጆ ነው። ከቆራሌ ነው የገዛሁት። የቮልሷ እጀታዎች ምንም አልሆኑም። የሚነከር ዕቃ አልቆብኝ ነው።»

የፔጆ። የመኪና ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ የምለየው እኔ! ሲሰጠኝ ምኑን እያየሁ ነበር?

ጋሽ ገሰሰ ከጓዳ ሆነው «የፔጆ መሆኑንማ አውቄያለሁ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ መሐሪ ባዶ እጁን መጣ። ጋሽ ገሰሰ እጁን አዩት፣ ዞር ብለው ከኋላውም አዩ።

«ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም። ደሪቱን ምሳ ልጋብዛት ነው፣ ከፈቀዱልኝ።»

«እኔን ምን አስፈቀደህ? እሷ ጓንቷን አውልቃ ጨርሳለች» አሉት። እውነታቸውን ነው።

ቮልሷ በር ላይ ቆማለች። ሽፋኖቿ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ይላሉ፤ የትም ብትሄድ አውቃታለሁ። በሩን ሊከፍትልኝ ሲል ቆይ አልኩትና እጀታውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። የቮልስ ነው። አረጋግጫለሁ።

ከዚያ ወዲያ በየት በኩል እንደሄድን ግን አላየሁም።