በፍል ውሃ ውስጥ የሞላው ሰባት ቤት

ሞላ፣ ጋሼ ባየ፤ ሰባቱ ቤት ሞላ። ደርሶን ላገባው ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ነገሩ ከአፌ ሊወጣ ሲታገለኝ ሰንብቷል፤ ከሰላምታው ኋላ ተሰለፍ ብለው እምቢ አለኝ። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ።

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ባየ፤ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ወገብዎ ተሻለው ወይስ የጽፋት ተራራ ብርድ ዘንድሮም ቀደመው? እትዬ ሰናይትስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታይታ መነጽር ታዘዘላት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተስማማት? ልጆቹስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ልጄ ሃጋርም ደኅና ናት። እሷ በዕብራይስጥ ትቆጣኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ እንግባባለን።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት እንዳይሉኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ገና አፌን ስከፍት «በይ ተይው፣ ያለቀ ነገር ነው» ብለው ዘጉብኝ። ወረቀትን ግን ማቋረጥ አይቻልም። ተናደው ቢያጣጥፉት እንኳ ማታ እትዬ ሰናይት ዘርግታ ታስጨርስዎታለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሣሁልዎ ዕለት ያሉኝን አንድም ቃል ሳልጥል ይዤዋለሁ። መጀመሪያ፣ ልጅ ያደረሰች፣ የባሏን ተዝካር ያወጣች ሴት ደግሞ ምን ሰርግ ያምራታል አሉ። ቀጥለው፣ ከደርሶ ጋር ዘመዳሞች ናችሁ፤ በታላቁ አያታችን በሰማኝ ትገናኛላችሁ፤ በእኛ በኩል ሰባት ቤት ቢሞላም በእሱ በኩል ስድስት ብቻ ነው፤ ሰባት ያልሞላው እህትና ወንድም ነው አሉ። በመጨረሻ ደግሞ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ሰባት ቢሞላ ኖሮ እኔው ራሴ እጅሽን ይዤ እድርሽ ነበር፣ ምን ላድርግ አንድ ቤት ጎደለ አሉኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አይርሷት፤ እመለስባታለሁ።

እኔ ሕጉን አልናቅሁም። ጎንደር ከተማ አሥረኛ ክፍል ድረስ ብማርም ትምህርቱ የአባቶቼን ቁጥር አላስረሳኝም። ስድስት ከሆነ ስድስት ነው ብዬ ለደርሶ ነገርኩት። እርስዎ እንደሚያውቁት ይህ ሰው ወደዚህ ወደ እስራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ሆነን ስንጠብቅ ሚስቱን የቀበረ፣ የእኔንም ባል አስከሬን አብሮ የተሸከመ ሰው ነው። ጣቶቹን አየና፣ እሺ፣ ጎረቤት መሆንን የሚከለክል ቁጥር ግን የለም አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደረጃው ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ዱቄቴን ከታች ያየው እንደሆነ ተሸክሞ በሬ ላይ ያስቀምጥና ሳያንኳኳ ወደ ላይ ወደ ቤቱ ይወጣል። እኔም ከውስጥ ሆኜ እግሩን አዳምጣለሁ። እንግዲህ እንዲህ ነበር የምንኖረው።

የዳስ በዓል እንዳለፈ የሠፈራችን ማትናስ፣ ያ የነዋሪው መሰብሰቢያ ቤት፣ የግማሽ ቀን ጢዩል፣ ሽርሽር መሆኑ ነው፣ አዘጋጀ። ጫካ፣ ፍል ውሃና የተፈጥሮ ኩሬዎች ታያላችሁ ተባልን። ደርሶም እንደሚሄድ ሰምተው ነው መሰል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከወንድ ጋር ውሃ ዳር ምን ትሠራለች፣ ትቅር የሚል መልእክትዎ በዘመድ በኩል ደረሰኝ። ተበሳጨሁ፣ ጋሼ ባየ። ያን ያህል አገር አቋርጬ ስመጣ ማንም ያልከለከለኝ ሴት ኩሬ ለማየት ልከልከል? ቀሚሴን ተኩሼ ጎህ ሲቀድ ከአውቶቡሱ በር ላይ የመጀመሪያዋ እኔ ሆንኩ።

አጠገቤ እማማ ሀረጓ ተቀመጡ። ከታችኛው ቤት የሚኖሩ የደንቢያ ሰው ናቸው፣ ያለ በትር አይንቀሳቀሱም። እርስዎስ ምን ሊያደርጉ ነው ስላቸው፣ ይህን ጉልበቴን እዚያ ቀቅዬው እመለሳለሁ አሉ። ጥብርያ ከተማ ስንደርስ የጽፋት ተራራ ከላይ ታየን። እዚያ ላይ፣ አትሂጂ ያለኝ ወንድሜ ተቀምጧል ብዬ አሳየኋቸው። አሻግረው አዩና ከነበትራቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱልዎ። ደርሶዎት ከሆነ አላውቅም።

አስጎብኚያችን ኢሪት የምትባል፣ እንደ ሚዳቋ የምትፈጥን ልጅ ናት። አሁን ጁንግል ልንገባ ነው፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ከመንገዱ የሚወጣ እንዳይኖር አለችን። ፈርተን ገባን። ሸንበቆና ቄጠማ ነው፣ በለስና ተምር አለበት፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ሳንቃ ተነጥፎለታል። ደርሶ ከኋላ ሆኖ፣ ወገራ ቢሆን ይህ ለጥጃ መደበቂያም አይበቃም ሲል ሰማሁት። እማማ ሀረጓም ቆም አሉና፣ ልጄ፣ ጫካው መቼ ነው የሚጀምረው ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ። እንዴት አድርጌ ልጠይቃት? ጫካችሁ በጣም ያምራል ይላሉ አልኳት። ልጅቷም ደስ ብሏት አቀፈቻቸው፤ እሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ነበር።

እርስዎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ያንን ሁሉ ዱር በእግርዎ ያቋረጡ ሰው ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ሳይርብ ሳይጠማ፣ ሽፍታ ሳይፈሩ፣ ሕፃን እንዳያለቅስ አፉን ሳይዙ በጫካ ውስጥ መሄድ ለካ እንዲህ ያስደስታል። ትንሽ ብትሆንም ጫካ ናት፤ ማንም አላሳደደኝም። እርስዎንም አምላክ አንድ ቀን በዚያች ሳንቃ ላይ በቀስታ ቢያራምድዎት ብዬ ተመኘሁ።

ከጫካው ስንወጣ ኩሬዎቹ ተደርድረው ጠበቁን። ውሃው እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። እግራችንን ስንከር ትንንሽ ዓሦች እየመጡ ይለቅሙን ጀመር። እማማ ሀረጓ፣ ምን ትቀምሱኛላችሁ፣ ሥጋውን እርጅና በልቶት የቀረው አጥንት ነው ብለው ገሠጿቸው። ከዚያ ወደ ፍል ውሃው ተሻገርን። ድኝ ድኝ ይሸታል። አገር ቤት ገላ መታጠብ ታበዛላችሁ፣ ውሃ ውሃ ትሸታላችሁ እያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ያሙን አልነበር? የዚያን ዕለት ቢያገኙን ምን ሊሉን ነበር።

ሴቶቹ በአንድ ጥግ ቀሚሳችንን እንደለበስን ገባን። ኢሪት የመዋኛ ልብስ ልፈልግላችሁ ብላ አንዱን ብታመጣ፣ እማማ ሀረጓ በሁለት ጣታቸው ብድግ አድርገው፣ የማን ሕፃን ልብስ ነው፣ ይበርደዋል መልሺለት አሉ። ወንዶቹ ከድንጋዩ ወዲያ ናቸው። ደርሶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ዳር ላይ ተቀምጧል። እኔን አያየኝም፤ እኔም አላየሁትም፤ እንዳላየኝ ግን እንዴት አወቅሽ አይበሉኝ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ የእማማ ሀረጓን ጉልበት ሲያላላው ምላሳቸውም አብሮ ላላ። ደርሶን አሻግረው አዩትና፣ አንተ የማን ልጅ ነህ አሉት። እሱም እንደ ሥርዓቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆጠረላቸው፤ ከራሱ ጀምሮ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ከዚያ ባሩክን፣ ከዚያ ሰማኝን። እሳቸው በያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ከውሃው ያወጣሉ። ስድስት ጣት ወጣና ቆመ። እኔ ያቺን ስድስት ዳግም ላለማየት ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዞርኩ።

ባሩክ ለሰማኝ ምኑ ነው አሉ እማማ ሀረጓ። ልጁ ነዋ አለ ደርሶ። አይደለም፣ የልጁ ልጅ ነው አሉ። የባሩክ እናት ይታይሽ ትባላለች፤ የሰማኝ ልጅ እሷ ናት። ባሏ ሲሞትባት ሕፃኑን ይዛ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዓመታት በኋላ ሌላ ባል አገባች። ወንድሞቿ፣ ልጅ ይዛ ደግሞ ባል አማራት ብለው ተቆጡ፤ ልጁን ከአያቱ ጋር አስቀሩት፣ ስሟም በቤቱ እንዳይነሣ አሉ። ልጁ በአያቱ ስም ባሩክ ሰማኝ ተብሎ አደገ። ከዚያ ወዲህ ዘር የቆጠረ ሁሉ ከባሩክ ወደ ሰማኝ ይዘላል። እማማ ሀረጓን ያሳደጓቸው አያታቸው የዚያች የይታይሽ የልጅ ልጅ ናቸው፣ ከሁለተኛው ባሏ። እናንተ የዘለላችኋትን እኛ ስንጠራት ነው የኖርነው አሉ። ይህን ብለው ሰባተኛዋን ጣት አወጡ።

እኔ ፊቴን መልሼ ያቺን ሰባተኛ ጣት አየሁ። ደርሶ ብድግ እላለሁ ሲል አንሸራተተውና ከነሱሪው ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። በኩሬው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ኢሪትም ሰው የሰጠመ መስሏት እየሮጠች መጣች። ምን አገኛችሁ ብትለኝ፣ በኡልፓን ትምህርት ቤት ዕብራይስጤ፣ የጠፋች አያት አገኘን አልኳት። የታለች ብላ ውሃውን ትፈልግ ጀመር። ሾፌሩ ግማሽ ቀኑ አልቋል እያለ ጥሩምባውን ሲነፋ እማማ ሀረጓ፣ በሴቲቱም በኩል ካልቆጠርን ማንም አይወጣም አሉ። ቆጠርን፤ እርስዎ እንዳሉት ሰባት ነው። ጥሩምባው ይነፋ ነበር፤ እኛ ግን ቆጥረን ነው የወጣነው።

ከመውጣቴ በፊት እናታችን ለመንጻት እንዳስተማረችን ራሴን ሳይቀር ሙሉ ለሙሉ ነከርኩ። የወንዛችን ውሃ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ይህ ደግሞ ይፈላል፤ ስወጣ የተሰማኝ ግን ያው የድሮው ነው።

በማግስቱ የማኅበራችን ቄስ ዘንድ ሄድን። ሁለቱንም ወገን አስቆጥረው፣ እማማ ሀረጓንም ጠይቀው፣ ሞልቷል፣ ተጋቡ አሉ። ለሃጋር ስነግራት ማዛል ቶቭ ብላ መረቀችኝና ቆይታ በአማርኛ፣ እማዬ፣ ያ ሰውዬ ዱቄቱን አስቀምጦ ለምን እንደማያንኳኳ አሁን ገባኝ አለችኝ። በአማርኛ፣ ጋሼ ባየ፤ ያውም ሳልለምናት።

አሁን ወደዚያች ቃልዎ ልመለስ። ሰባት ቢሞላ እጅሽን ይዤ እድርሽ ነበር ብለዋል። ሞላ። እውነት ስድስት ቢሆን ኖሮ እንባዬን ዋጥ አድርጌ በቤቴ እቀመጥ ነበር፤ ሕግ ነውና። ነገር ግን ጎደለ ያሉት ቤት አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። በውስጡ የነበረችው ሴት ናት፤ ባል ሞቶባት ሌላ ያገባች ሴት፤ ወንድሞቿ ስለተቆጡ ተዘለለች። እኔም ያቺው ነኝ፣ እርስዎም ያው ወንድም ነዎት። እኔ ግን አልዘለልም። ቢቆጡም አገባለሁ፤ ስሜን ከቤትዎ ቢያወጡም አገባለሁ። ልጅ ያደረስኩት ለዕድሜ ልክ ብቻዬን ልቀመጥበት አይደለም። ይህን በስልክ ልልዎ አልችልም ነበር፤ ድምፅዎን ስሰማ ያቺ ትንሿ እህትዎ እሆናለሁ። በወረቀት ግን አርባ አምስት ዓመቴ ነው።

ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ልመናዬንም ይስሙ። አባታችን የለም። የእኛን ቤት ዘር ሳይሰናከል በቃሉ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ አልቀረንም። መጥተው እጄን ይያዙኝ፣ በሰው ፊት ቆመውም ይቁጠሩልን። ባሩክ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽዎን ይሰብስቡና ይታይሽ ይበሉ፣ ከዚያ ሰማኝ። እርስዎ ከጠሯት ማንም ሁለተኛ አይዘላትም። ካልመጡ እማማ ሀረጓ በእርስዎ ቦታ ቆመው ይቆጥራሉ፤ እሳቸው ደግሞ ሲቆጥሩ ማን እንደዘለላትም ይጨምራሉ።

እትዬ ሰናይትን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ መነጽሯን አድርጋ ትምጣ፣ ደርሶን በደንብ ትየው። ልጃችሁ ኤላድ በዕብራይስጥ ብቻ ከመመለስ ጥቂት ይረፍ፣ አክስቱን ናፍቋታል። ትንሹን ኦርን አቅፋችሁ ሳሙልኝ፤ ለሰርጉ አዲስ ጫማ ይደረግለት። እማማ ሀረጓ ጉልበታቸው ቀሎላቸው በትሩን ለወግ ብቻ ይይዙታል፤ ከተራራው ሥር የነሱዎትን እጅ ይመልስልኝ ብለዋል። ደርሶም አጎንብሶ ሰላም ይልዎታል። አሁን ሲመጣ ያንኳኳል።

ታናሽ እህትዎ አየለች

አሽቀሎን፣ ጥቅምት 15 ቀን 1985 ዓ.ም.

ደብዳቤውን አጣጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከተው ስል ሃጋር ነጥቃ አነበበችውና፣ እማዬ፣ ሁሉን ነገር ጽፈሽ ቀኑን ረስተሽዋል አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሲግድ በዓል ኢየሩሳሌም መምጣታችሁ አይቀርም፤ ከዚያ ወደ ተራራችሁ አትመለሱ፣ በቀጥታ ወደ እኛ ውረዱ። እርስዎም፣ እትዬ ሰናይትም፣ ልጆቹም፣ የሚያጉረመርሙ ዘመዶች ካሉም እያጉረመረሙ ይምጡ፦ ከሲግድ ማግስት፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 17 ቀን።