ሰው ያልሞተበት ጥሩምባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

እማዬ ዛሬም ለሳሎኑ መስታወት ሌክቸር እየሰጠች ነው። መስታወቱ ሊያንቀላፋ ምንም አልቀረው። ዶ/ር ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተግባቦት ታስተምራለች። ሰው ከሰው እንዴት እንደሚግባባ እኔ ሳልወለድ ጀምራ ታጠናለች። ከጎረቤት ጋር ግን ገና አልተግባባችም።

አዲሱ ጥናት፦ የእድራችን መርዶ ለሰው እንዴት ይደርሳል? ይሄ ካለቀ ፕሮፌሰር ትሆናለች። አያቴ አባባ፣ አብሮን የሚኖረው የእሷ አባት፣ ማዕረጓ እንደ ፒያሳ ታክሲ ነው ይላል፤ መጣ ሲሉት ሞልቶ ያልፋል።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 15፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ልንገርህ! ሳቄ አልቆም ብሏል፤ መሳቅ ደግሞ ክልክል ነው።

እማዬ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሴን «ለሙከራ» እንዲነፉላት ለመነቻቸው። ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ ልታውቅ። ነፍተው ሲያበቁ «የሞተ የለም፣ ጥናት ነው» ሊሉ ተስማሙ። የተማረ ሰው እንዲህ ያስባል። ጥሩምባ ሰምቶ ማን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል?

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እማዬን ደጃፍ ላይ ቆማ ሲያዩ፣ በቃ፣ አባባ ሞተ። ለቅሶ! ጎረምሶቹ የድንኳን ብረት ማውረድ ጀመሩ። አባባ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ማን ነው የሞተው?»

አንዷ ጎረቤት እዚያው ራሷን ሳተች።

አባባ ግን ደስ ብሎታል። ማን ከልቡ እንዳለቀሰለት አየ። ማን እንዳስመሰለም።

ማታ

ሳቅ አለቀ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሽብሩ መጡ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት። አልቀመጥም አሉ። ሻይም አልፈለጉ። በሞት አይቀለድም። እሑድ ስብሰባ ላይ ቅረቢ፤ እስከዚያ ማንንም እንዳትጠይቂ። ጋሽ ደምሴም ጥሩምባውን ሳያስረክቡ አይቀሩም።

እማዬ ለጥናቷ ያለቀሰች መሰለኝ። ለጋሽ ደምሴ ነው። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 17

የይቅርታ ንግግሯን አነበበችልኝ። «የተከሰተውን የተግባቦት ክፍተት በተመለከተ...»

እማ፣ በዚህ ከጀመርሽ ሁለተኛ ለቅሶ ነው አልኳት። ተኮሳተረች። ቆይታ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ አለችኝ። እኔን ጠየቀችኝ! አስደነገጥኳችሁ በይና ዝም በይ፤ ሲናገሩሽ ደግሞ አትመልሺ አልኳት። እሱ ይከብደኛል አለች። አመንኳት።

እሑድ፣ ጥቅ. 18፣ ከስብሰባው መልስ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ወረቀት ሳትይዝ ቆመች። አስደነገጥኳችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጋሽ ደምሴን አትንኩብኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ወረዱባት። ዝም። እውነት ዝም!

በመጨረሻ ጋሽ ሽብሩ፣ ለመሆኑ ምን ልታገኚ ነው አሏት። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱት እድርተኞቻችን ለምን ቀብር እንደሚያመልጣቸው አለች። ጥሩምባው አይደርሳቸውም፤ በስልክ የሚላከውንም መልእክት ከእነሱ መሃል ያሉት አዛውንቶች አያዩትም።

ጋሽ ሽብሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ወንድማቸው ከዳር ተነሥተው ለጓደኛቸው ቀብር ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር። እኛም መላ አጣን አሉ።

ተወሰነ። ጋሽ ደምሴ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ሰው ሲሞት ብቻ! እማዬ ታጥና። ቅጣቷ፦ ከእንግዲህ በየለቅሶው ወንበር ታመላልሳለች። ያገኘችውንም መጀመሪያ ለእድሩ ትናገራለች። ዩኒቨርሲቲው ከእኛ በኋላ ይስማ አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 19

ከት/ቤት ስመለስ ጋሽ ሽብሩ ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ሻይ ይዘዋል። ስለ ወንድማቸው እያወሩ ነው። እማዬ ታዳምጣለች። ቅዳሜ ወንድምየው ጋ ልንሄድ ነው። ልንሄድ አልኩ? አዎ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ድምፅ የምቀዳው እኔ ነኝ። እማዬ ግን ገና አልሰማችም፤ አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።