ከ2000 ወዲህ ያለው ብቻ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ 1 ሰዓት

ሽቦው ተሰክቷል። ላፕቶፑ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ሺህ ከምናምን ዘፈን። ሃያ ዓመት የለቀምኩት፣ ከካሴት የገለበጥኩት። ለባለቤቴ የገዛሁላት አዲሱ ስልክ ግማሹን እንኳ አይችልም። እዚህ አረብ አገር፣ አል ናህያን ሰፈር፣ ክፍል የምንጋራው ሙሐመድኑር ይስቅብኛል፤ በኢንተርኔት ታዳምጥ፣ ኸላስ፣ አበቃ ይላል። ባለቤቴ ትርሲት አል ዓይን ከተማ፣ አል ኸቢሲ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ክፍሏ ጓሮ ነው፤ የማዳም ዋይፋይ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ስልኩ ውስጥ ይግባ! እሑድ የእረፍት ቀኗ ነው። እስከዚያ ይሞላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ የአባቷን በገና። በ1996፣ በሠርጋችን ዓመት፣ እኔው በቴፕ የቀዳሁት አሥራ አንድ መዝሙር። በነሐሴ አረፉ። ለቀብሩ መሄድ አልቻለችም። እኔ ግን፣ ደብተሬ፣ በገናውን ብቻ ይዤ ብሄድ ያንስብኛል። የለቀምኩትን ሁሉ ታግኝ። ልቧን ያፍታታላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

ስልኩ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ቆመ። ደሜ ፈላ። ኤሲ ስጠግን የምውል ሰው በስልክ ልሸነፍ? በመጨረሻ አገኘሁት። ፕሮግራሙ በዓመት ይመርጣል። ከ2000 ወዲህ ያለውን ብቻ አልኩት። በእኛ 1992 ገደማ ነው፤ የአባቷ በደንብ ይገባል። አራት ሺህ ገባ! ሙሐመድኑር እንኳ አጨበጨበ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከአል ዓይን ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሑፌ ተበላሽቷል። መናፈሻው ውስጥ ተቀመጥን። ጥቁሯን አላወለቀችም። ስልኩን ተቀብላ በገና ብላ ፈለገች። የለም። በአባቷ ስም ፈለገች። የለም። ጣቷ አንዱን ነካና የሠርግ ዘፈን ጮኸ። ሰው ዞሮ አየን። ቶሎ አጠፋችው። ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን እንደማልሰማ ታውቃለህ አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አለመቆጣቷ ነው የገደለኝ። ስልኩን መለሰችልኝ።

ሐዘንተኛ ዘንድ አራት ሺህ ዘፈን ይዤ ሄድኩ። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሥራ መልስ

ገባኝ። የሱዳኑን፣ የውጭውን ዘፈን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። የአገሬን ግን በእኛ፣ ካሴቱ ላይ እንዳለው። ፕሮግራሙ ምን ያውቃል? 1996 ከ2000 ያንሳል፤ ተወው። ዓመቱን የጻፍኩት እኔ፣ ቁጥሩን የመረጥኩት እኔ። እሷ አንድ ነገር ጠየቀች፣ እኔ አራት ሺህ ልጫን አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሙሐመድኑር የሁሉንም ዓመት አብረን እናስተካክል ይላል። ደግ ሰው ነው። ግን አይሆንም። ስልኩን ጠረግሁት፣ ሙልጭ። አሥራ አንዱን ብቻ ጫንኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የመጀመሪያውን ከፈትኩት። አባባ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ድምፃቸው፦ «ትርሲት፣ በሩን ዝጊው የኔ ልጅ።» የበር ድምፅ። ከዚያ በገናው። ይህን ረስቼው ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀጣዩ እረፍቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ አልጠብቅም። ነገ ከሥራ ስወጣ የ11 ሰዓቱን አውቶቡስ እይዛለሁ። በር ላይ አምስት ደቂቃ ብትወጣልኝ ይበቃል። ማብራሪያ የለም፣ ይቅርታም በኋላ። የመጀመሪያውን መዝሙር ከፍቼ ስልኩን እሰጣታለሁ። አባባ በስሟ ይጥሯት።