የአበልጄ ቀንበር

መጋቢት 17

ስናርስ ዋልን። የላይኛው ማሳ አለቀ። እንደ ልማዴ አርፍጄ ተነሣሁ፤ ዘሩ እንደ ልማዱ ደጄ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። "አበልጅ፣ ፀሐይዋ እንኳ ካንተ ቀድማ ወጣች" አለኝ። በየቀኑ የሚላት ናት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። አንድ በሬ ከሱ፣ አንድ በሬ ከኔ። መቀናጆ። የሱ ዳልቻ ግራ ይቆማል፣ የኔ ወይኖ ቀኝ። ቀንበሩ የሱ ነው፣ የሚያድረው ግን እኔ ቤት፤ ማረሻው የኔ። ልጄን ያምሮትን ክርስትና ያነሣቻትም ሚስቱ ናት፣ ነፍሷን ይማርና፤ አበልጅ የሆነው በዚያ ነው። ቀን ቀኑን ከቆጠርነው ከሚስቴ ከባንቺአየሁ ይልቅ የሱን ፊት ነው ያየሁት...

ደብተሩ ከያምሮት የተረፈ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይዘልቅ የወጣ ሰው ቢያንስ ውሎውን ይጻፍ ብዬ። እስካሁን ውሎዬ እርሻ ነው። ነገም እርሻ ነው። ከነገ ወዲያ ግን በገብርኤል ስብሰባ አለ። ለገበሬ ገንዘብ በስልክ የሚሰጥ ድርጅት መጥቷል አሉ። በነጻ? ማን ነው በነጻ የሚሰጥ?

መጋቢት 19

በዓል ስለሆነ እርሻ የለም። ሰዉ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዘሩ አልነበረም፤ በጠዋት ፍኖተ ሰላም ሄዷል። ዓረብ አገር ያለችው ልጁ ሰርካለም ድምፅዋ ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አብራት የነበረች ልጅ ተመልሳለች ሲሉት ሊጠይቅ ነው የሄደው።

ስም ይነበባል፣ "ይህ ሰው ችግረኛ ነው ወይ?" ይባላል፣ ሕዝብ ይመሰክራል። ከኛ ጎጥ በመጨረሻ አንድ ቦታ ቀረ። የቀረው ስም ደግሞ ሁለት ነው። ዘሩና እኔ።

አንዱ ከኋላ "ዘሩማ የቆርቆሮ ቤት አለው፤ ልጁም ውጭ ናት" አለ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ኮሚቴ ናቸው። ወደኔ ዞሩ። "አድማሴ፣ ካንተ የቀረበው የለም። እውነት ነው?"

ቆርቆሮው እውነት ነው። ልጅቱ ውጭ መሆኗም እውነት ነው። ሳንቲም ከላከች ዓመት ከመንፈቅ ማለፉስ?... ጫማዬን አየሁ። ኮንጎ ጫማ ነው፤ የግራው ተሰንጥቆ በሽቦ ሰፍቼዋለሁ። ይህን ያህል የሚታይ ነገር የለውም፤ እኔ ግን አየሁት። ቀና ስል የተጻፈው የኔ ስም ነበር።

አልዋሸሁም። አንዲት ቃል አልወጣችኝም። እስኪ የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?

መጋቢት 20

ዘሩ ቀድሞኝ መጣ። ስለ ሰርካለም ያገኘው ወሬ የለም። አብራት ነበረች የተባለችው ልጅ አታውቃትም። ዝም ብለን አረስን። በሬዎቹ ሲያርፉ ዛፉ ሥር ተቀመጥን።

"ስብሰባው ረዘመ አሉ?" አለኝ።

"እንዳሉት ነው።"

"እንዴት ሆኖ አለቀ?"

"በሰላም አለቀ።"

ሌላ አልጠየቀም። ከቆሎው ዘገነልኝ። ተቀብዬ ቃምኩት። እንዴት ወረደልኝ? ወረደ። እንዲያውም ደገምኩ።

ሚያዝያ 18

ገንዘቡ ገባ። በማን ስልክ? በባንቺአየሁ። መመሪያው በሚስት ስም ይሁን ይላል። እኔ አባወራው በምስክርነት ፈረምኩ። ምስጢር ቁጥሩ ስንት ነው ብላት "ምስጢር ነው" አለችኝ።

በሃያ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቴን ገንዘብ ለመንኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አሳምሬ። "ሁለተኛ በሬ እንግዛ፤ የራሳችን ጥንድ ይኑረን" አልኳት። ድሮ ከገበያ ስመለስ እሷ የምትፈልገውን ስትነግረኝ ጢሜን እያሻሸሁ "እስኪ አስብበታለሁ" እላት ነበር።

"እስኪ አስብበታለሁ" አለችኝ። ጢም ብቻ ነው የጎደላት።

ሚያዝያ 20

አሰበችበት። ቀድሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ ቀጥሎ የያምሮት ትምህርት፣ የቀረው ለበሬ። ካነሰ ሁለቱ በጎች ይሸጡ። ከኔ የተሻለ አስባለች፤ አላልኳትም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ለአበልጅህ ነግረኸዋል? አንተ ጥንድ ከያዝክ የሱ በሬ ያለ አቻ ቀረ እኮ።"

"ነግሬዋለሁ።"

እንግዲህ የቱ ጋ እንደዋሸሁ አሁን አይጠፋኝም።

ግንቦት 2

ቡሬ የከብት ገበያ ወረድን። እስከዛሬ በሬ የሚመርጥልኝ ዘሩ ነበር። የኔ ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው በሬ የሚገዛ ሁሉ እሱን ይዞ ነው የሚሄደው። ዛሬ ግን ብቻዬን ነኝ። ጋቢዬን አጣፋሁ። የገንዘቡ ባለቤት ከኋላዬ ስልኳን ይዛ ትከተለኛለች።

አንዱን ጥቁር ወደድኩት። ጥርሱን ገልጬ አየሁ። ሻኛውን ዳሰስኩ። ጭራውን ሳብ አደረግሁ። ጭራው ላይ ምን እንደሚፈለግ አላውቅም፤ ዘሩ ሲያደርግ አይቼ ነው። ሻጩ ታዘበኝ መሰለኝ፣ "ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር የለም?" አለኝ። "እኔን በሬ ታስተምረኛለህ?" አልኩት። ሰውዬው ገንዘቡ ስልኩ ላይ መግባቱን እንዳየ ሹልክ አለ።

ስሙን ሹመቴ አልኩት።

የቤታችን መንገድ የሚያልፈው በዘሩ ደጅ ነው። በወንዙ በኩል ዞርኩ። ባንቺአየሁ "ለምንድን ነው የምንዞረው?" አለች። "ውሃ ይጠጣ ብዬ።" አልጠጣም።

ግንቦት 3

ዘሩ በጠዋት መጣ። ሹመቴን በረት ውስጥ አየው። ጎንበስ ብሎ ገባና ትንሽ ቆይቶ ወጣ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ አበልጅ። ጠንካራ በሬ ነው።"

ባንቺአየሁ ቀና ብላ አየችኝ። እንዳልነገርኩት ገብቷታል።

ዘሩ ጥጉ ላይ የተንጠለጠለውን ቀንበሩን አወረደና ተሸከመው። "እንግዲህ የራስህን ታስጠርባለህ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሲሄድ ወይኖ እስከ አጥሩ ተከተለው፤ የእርሻ ሰዓት መስሎት።

ምሳ ተሰጠኝ። የሚያናግረኝ ግን አልተገኘም።

ግንቦት 8

ከዋንዛ ያስጠረብኩት አዲሱ ቀንበር ደረሰ። ጠመድኩ። ወይኖን ቀኝ፣ ሹመቴን ግራ። ሹመቴ ግራ አልቆምም አለ። ወይኖን እየገፋ ይሻገራል፣ ቀንበሩ ይጠማዘዛል፣ የያዝኩት እርፍ እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ቦታ አቀያየርኳቸው። ሹመቴ ቀኝ ሲሆን ጸጥ ብሎ ቆመ። ተመስገን ስል ወይኖ ተኛ። ግራ አላርስም ብሎ ከነቀንበሩ ተኛ።

ያምሮት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆማ አየችንና "አባዬ፣ ሁለቱም እኮ የቀኝ በሬ ናቸው" አለች።

ሃያ ዓመት አርሻለሁ። በየትኛው ጎን ነው የሚያርሰው ብዬ አልጠየቅሁም። ሕፃን ልጅ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀውን። ሻጩስ ምን አለኝ? ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር የለም ወይ አላለኝም?... ጭራ ሳብ!

ግንቦት 10

ዛሬም ሞከርኩ። ሹመቴ እግሬን ረገጠኝ። ቀኙን።

ግንቦት 17

ሰው ሁሉ መካሪ ሆነልኝ። አንዱ ጨው አልሰው ይላል፤ አንዱ ጠበል እርጨው ይላል። አንዷ አሮጊት "ግድየለም ልጄ፣ አንተ ግራ ቁምለት" አሉኝ። ሳስበው እሱም መንገድ ነው።

ከሚያውቁኝ ሁሉ ልለምን ዞርኩ። ሥራ የፈታ የግራ በሬ በጎጡ ያለው አንድ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ልጻፍ?

ዘሩ መሬቱን በእኩል ሊሰጥ ነው አሉ። እጅጉ ባለ ጥንድ በሬ ነው፤ ያርስለትና ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። የዘሩ መሬት ሙሉ ምርቱ እንኳ ዓመት አያደርሰውም። ግማሹማ? ጥር ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ጥንድ በሬ ያለኝ እኔ መሬቴ ጦም አደረ። አንድ በሬ ያለው እሱም መሬቱ ጦም አደረ። እርዳታው ከመምጣቱ በፊት ሁለታችንም እናርስ ነበር። ገንዘቡ ምን አደረገ? ገንዘቡማ ምንም አላደረገ።

ግንቦት 24

ዝናቡ ጠና። ባንቺአየሁ ዛሬ ተናገረች።

"ለዘሩ አልነገርከውም ነበር።"

"አልነገርኩትም።"

"ሌላስ ያልነገርከው አለ?"

የስብሰባውን ነገርኳት። ጫማውንም ጭምር። ቁጣ ስጠብቅ አለቀሰች። ሰርካለም እኛ ቤት ነው ያደገችው ማለት ይቻላል፤ ያምሮትን በጀርባዋ ያዘለቻት እሷ ናት። "እጅጉ ነገ ሊጠምድ ነው። ተነሣና ሂድ" አለችኝ። ዝናቡ ያባራ ብል በሩን ከፈተችልኝ።

ዘሩ ተቀምጦ የቀንበሩን ጠፍር ያጠብቃል። ሊያርስበት ነው? የሚያርስበት የለውም... እጁ ሥራ ስለለመደ ነው።

"አበልጅ፣ የስብሰባው ዕለት..."

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረህ?"

"ከፍኖተ ሰላም ስመለስ መንገድ ላይ ሰማሁ። በማግስቱ ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ። ስብሰባው ረዘመ አሉ አልኩህ። በሰላም አለቀ አልከኝ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ስንት ጠዋት ደጅህ ቆምኩ።"

አንገቴን ደፋሁ። "ጫማህን ተወው፤ እሱን አውቀዋለሁ" አለኝ።

አለቀስኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይቅር በለኝ ልል ጀምሬ አፍንጫዬን በጋቢዬ ጠረግሁ። ዘሩ ጠፍሩን እያጠበቀ ጠበቀኝ።

"በሬህ የቀኝ መሆኑን ያን ዕለት በረት ውስጥ አይቼ ነበር" አለ። "ወይኖን ገፍቶ ቦታውን ይዞበት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ቆርቆሮው ሦስት ቦታ ያፈሳል። እስከዛሬ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር።

ስነሣ "ለእጅጉ ገና ቃል አልሰጠሁትም" አለኝ። "ነገ ዳልቻን አመጣለሁ። ቀድሞ የኔ መሬት ይታረሳል።"

"ይታረሳል።"

ሰኔ 12

የእርዳታው የቅሬታ ስብሰባ። ሚካኤል ነው፣ ሰው ሞልቷል። ዘሩም አለ። ሳይጠሩኝ ተነሣሁ። "የዘሩ ልጅ ከጠፋች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ሳንቲም አይመጣለትም። ያን ዕለትም አውቅ ነበር" አልኩ።

መሪጌታ "ታዲያ ያን ዕለት ምን ነካህ?" አሉኝ።

"ቦታዋ አንድ ስለሆነች ፈራሁ፣ አባቴ።"

የሚስቅ ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። የራሱን ጫማ የሚያይ ሰው ግን ብዙ ነበር።

ለኛ የቀረው የሁለተኛው ዙር ክፍያ ለሱ ይዛወር አልኩ። የመዘገበችን የድርጅቱ ልጅ ማዛወር አይቻልም፣ ስሙን እንደ አዲስ ይዘን መጥተን ቤቱን እናያለን አለች። ይኼኔ ባንቺአየሁ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። "ስልኩ የኔ ነው። የሚገባውን ከአበልጃችን ቤት ጋር እካፈላለሁ። ይህን የሚከለክለኝ መመሪያ ካለ ይነበብልኝ።" የሚነበብ አልተገኘም።

ለኔ አስቀድማ አልነገረችኝም። ብትነግረኝ ደግሞ አስብበታለሁ እላት ነበር።

ሰኔ 25

በቆሎው ተዘርቶ አለቀ። የዘሩ ቀድሞ፣ የኛ ቀጥሎ። ትንሽ ዘግይተናል፤ ግን ደርሰናል። የድርጅቱ ሰዎች መጥተው የዘሩን ቤት አይተዋል፤ መልሱ ገና ነው። የሰርካለምም ድምፅ ገና ነው። ሁለተኛው ዙርም አልገባም።

ዳልቻ ቀኑን ሙሉ በግራ ይቆማል። ወይኖ እስከ እኩለ ቀን ያርስና ሹመቴ ይተካዋል። ዘሩ "ባለ ሁለት በሬው አንተ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የኔ" ይላል። በየቀኑ ይላታል። የፀሐይዋን ትቶ ወደዚች ዞሯል።

ዛሬ ስንፈታ ቀንበሩን ተሸከምኩለት።

"የት ልትወስደው ነው?"

"ወደ ቤትህ።"

"እንደ ድሮው አንተ ጋ ይደር" አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ። "እኔ ግን ከእንግዲህ ደጅህ ቆሜ አልጠብቅህም። ቀንበሩን ተሸክመህ አንተ ትመጣለህ።"

ቀንበሩ ጥጉ ላይ ተንጠልጥሏል። አዲሱ የዋንዛ ቀንበር ላይ ደግሞ ዶሮዎቹ ሰፍረውበታል፤ እነሱ ግራ ቀኝ አይመርጡም። ነገ የዳጉሳውን ማሳ እንጀምራለን። በሕይወቴ ዘሩን ቀድሜው አላውቅም።

ባንቺአየሁን በጠዋት ቀስቅሺኝ አልኳት።

"እስኪ አስብበታለሁ" አለችኝ።