ማሂን ከከባዱ ሒሳብ ያስወጣሁበት ዓመት

ኦገስት 5

ትምህርት ተከፈተ። ማሂን አድርሼ ብሩክሄቨን ወዳለው ሥራዬ። መንገዱ ተዘጋግቶ አርፍጄ ገባሁ። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች... መቼ አደገች?

መኪና ውስጥ አኩርፋ ነበር። ካልኩለስ ከሚሉት ከባድ ሒሳብ አስወጥቼ ቀላሉ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ላክሁ፣ አለቀ። አምና ከባዱን ኬሚስትሪ ወስዳ 84፣ ማለት ቢ፣ አመጣች፤ ሌላው ሁሉ ከ95 በላይ። አገር ቤት እኛ ካርድ ስንቀበል መጀመሪያ የምንጠየቀው ስንተኛ እንደወጣን ነበር። ምን ተማርክ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁሉንም ኤ ይዛ ትጨርስ። ኩርፊያው ያልፋል።

ሴፕቴምበር 18

ዲኬተር ከተማ የወላጆች ስብሰባ ነበር፤ ማሂም አብራኝ መጣች። ማሂ ከምትመኘው ኮሌጅ፣ ማመልከቻ የሚያነበው ሰውዬ መጥቶ አስረዳን። ውጤት ብቻውን አያዩም። ትምህርት ቤቱ ምን ምን ከባድ ትምህርቶች አሉት? ልጁስ የትኞቹን ወሰደ? ኤ እንደልብ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አለ፣ የሚሰስትም አለ፤ ይህንንም አመዛዝነው ነው የሚያነቡት።

አንዲት እናት "ከቀላሉ ኤ ይሻላል ወይስ ከከባዱ ቢ?" አለች።

"ልጁ ከባዱን መሞከሩን ማየት እንፈልጋለን" አላት።

ማሂ ቀና ብላ አላየችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 19

ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። የትምህርት መቀየሪያው ጊዜ አልፏል። አማካሪዋ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሰፈር ያለው ኮሌጅ ሄዳ ካልኩለሱን ልትወስደው ትችላለች አለችኝ። እስከዚያ ግን ማመልከቻው ይገባል...

ኦክቶበር 26

ማመልከቻዋን አነበብኩ። ከባዱን ሒሳብ ለምን እንደተወች ስታብራራ "ቀለል ያለ ዓመት ፈልጌ ራሴ መረጥኩ" ብላለች።

"ይሄ እኮ ውሸት ነው ማሂ።"

"ሶ? አንተን ብሌም ላድርግ ባባ? ጥፋቱ ያንተ ነው ልበል? አላደርግም።"

እኔን ላለማሳፈር ሰነፍ ልትባል ነው። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ለአማካሪዋ ጻፍኩ፦ ልጄ ከባዱን ልውሰድ ብላ ለምናኛለች። የከለከልኳት እኔ አባቷ ሽፈራው ነኝ። ይህ ከማመልከቻዋ ጋር ይላክልኝ።

ማሂ አነበበችው። የራሷን ማብራሪያ አጠፋች።

ፌብሩዋሪ 3

ካልኩለሱን ጀምራለች፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈር ያለው ኮሌጅ አደርሳታለሁ። ያመለከተችበት ኮሌጅ መልስ የሚሰጠው ማርች ላይ ነው። ይቀበሏት ይሆን? እንጃ።

ዛሬ የመጀመሪያውን ፈተና አመጣች። 68። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቴን ታያለች።

"አልተናደድክም?"

"የሳትሽውን አሳዪኝ።"

አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ምንም አልገባኝም። እራቱም ቀዘቀዘ። መቶ ባመጣችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ አንድም ቀን ፈተናዋን ይዘን እንዲህ አብረን ቁጭ ብለን አናውቅም።