በድብቅ የጠበበው ሱሪ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየረገምሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ በስፌት መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ የምጽፍልሽ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ "እየዳንክ ነው ወይስ እያለቅህ? ሳትሸነግል ንገረኝ" ብለሽኛል። እሺ፣ አልሸነግልሽም።

ሐኪሞቹ ካንሰር የያዘውን የምግብ ቧንቧዬን ቆርጠው ካወጡ ዓመት ሞላኝ። ጨጓራዬን ወደ ላይ ስበው ከቀረው ጋር ሰፉት። ጠባሳዬን በባለሙያ ዓይን አየሁት፤ የቀዶ ሐኪሙ እጁ አይታማም፣ ችግሩ ጨርቁ ማጠሩ ነው። ዛሬ በአንድ ጊዜ የምበላው የሕፃን ያህል ነው፤ አንድ ጉርሻ ካሳለፍኩ ደረቴ ይወጠራል። ጣፋጭ ከቀመስኩ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ማታም የምተኛው ሦስት ትራስ ተደግፌ ነው፤ ያለዚያ የበላሁት ሽቅብ ይመለሳል። ባለቤቴ "ሳላውቅ ንጉሥ አግብቻለሁ" እያለች ትስቃለች።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ሥጋዬ ይረግፍ ጀመር። ባለቤቴ ደግሞ ሚዛን አታምንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቷን በሱሪዬ ወገብ አስገብታ ትለካኛለች። እንዳትጨነቅ ብዬ ዓርብ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ የሱሪዎቼን ወገብ ከኋላ በኩል በድብቅ እየቀነስኩ እሰፋ ነበር። ጣቷ አልገባ ሲላት "ተመስገን፣ አልከሳህም" ትላለች፤ የሆስፒታሉ ነርስ ስለ ክብደቴ በስልክ ስትጠይቃትም እንዲሁ ብላ መለሰች። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሱሪዬን ልትተኩስ ስትዘረጋው የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ደርሰዋል! ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ ሰው ተደብቆ ሲበላ እንጂ ተደብቆ ሲከሳ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። "ብቻህን ልትሞት ነበር?" አለችኝ። እታለም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ለካ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። የምግብ ባለሙያዋ ተቆጥታ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንድበላ፣ ውሃውንም ከምግቡ ለይቼ እንድጠጣ አዘዘችኝ። አሁን ሱቄ ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ደውል ይጮሃል፤ ደንበኛዬ ስፒል እንደተሰካበት ቆሞ እኔ እንቁላሌን አላምጣለሁ። አንዱ ጠበቃ ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አስጠብቆኝ አያውቅም ብሎኛል። ይጠብቅ! ሰባት ኪሎ መልሻለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ የዓመቱ ምርመራ ውጤት መጣ፤ የበሽታው ምልክት የለም! ክትትሉ ይቀጥላል፣ ድካሙም ገና አልለቀቀኝም፤ ግን እየዳንኩ ነው እንጂ እያለቅሁ አይደለም። ሐኪሙ መንገድ ፈቅዶልኛል፤ በወሩ መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ኮቱን ሳልለካው እንዳይገዛ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ከገበታዋ ቶሎ ስነሳ ምግቧን የናቅሁ እንዳይመስላት አስቀድመሽ ንገሪያት። ጤነኛ ሳለሁ አንዴ ጎራርሼ እጠፋ ነበር፤ አሁን ግን ሳልርቅ በየሁለት ሰዓቱ ተመልሼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ፣ ልብስ ሰፊው
ከስፌት ቤቴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን