ልጄ የሌለችበት ትምህርት ቤት

መስከረም 21

ዝናብ። የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ እንደገና አፈሰሰ፤ ልጆቹ ዴስካቸውን እየጎተቱ አንድ ጥግ ላይ ታጨቁ። ከሁለተኛ ክፍል የሚለያቸው ግድግዳ ወገብ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ «ሁለት ሲባዛ በሦስት» ሲባል ከወዲያ ማዶ ያሉት ይመልሳሉ። ሳቅኩ። ዳይሬክተር እንዲህ ያለው ነገር ሊያስቃት ይገባል? እንጃ።

ከሰዓት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። ልጄ ሚጣዬ አባቷ ካረፈ ወዲህ ከተማ፣ እህቴ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገባች። «እማዬ፣ ምንጣፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት አለን! ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው!» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ካለኝ ታዲያ ቁልቁል ስወርድ ምን አስለቀሰኝ?

ጥቅምት 6

የወላጆች ስብሰባ። ግድግዳውን እንጨርሰው፣ ድንጋይ በማቅረብ አግዙን አልኩ። ደህና እየሄደልኝ ነበር። ባለወፍጮው ከኋላ ተነሳ። ልጁ አምና ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ አሁን ወፍጮ ቤት ታግዘዋለች። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም... ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ዳይሬክተሯ፣ ልጅ አለችዎት ይባላል።»

«አለችኝ።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

«አራተኛ።»

«የት?»

የያዝኩትን ወረቀት አጠፍኩ። ሁሉም ያውቀው የለ?

«እንግዲህ ለእርስዎ ልጅ ያልሆነ ትምህርት ቤት ለእኛ ልጆች ይሁን ነው የሚሉን? የእኔዋ ይሄን ሁሉ ዓመት ተመላልሳ አንድ መስመር አታነብልኝም። ድንጋዩን ምን ብዬ ልሸከም?»

የሳቀ የለም፤ የተቆጣም የለም። አንድ ሁለት እያሉ ተነሥተው ወጡ። ባዶ ወንበር ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ጥቅምት 7

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰውዬው ምኑን ዋሸ?

ጥቅምት 11

አራተኛ ክፍል ገብቼ እያንዳንዳቸውን አንድ አንቀጽ አስነበብኳቸው። አብዛኞቹ ፊደሉን ይጠሩና ቃሉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። አንዷ ገጹን በቃሏ ሸምድዳው መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ «አነበበችልኝ»። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

መምህራኑን ሰበሰብኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በየቀኑ ለንባብ ይሁን፤ ልጆቹም በክፍላቸው ሳይሆን በማንበብ ችሎታቸው ይመደቡ አልኩ። አንጋፋው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሳብ በመጣ ቁጥር «ይቅርብን» ስለሚሉ በሌሉበት «ጋሼ ይቅርብን» ነው የምንላቸው።

«የአራተኛ ክፍል ልጅ ከአንደኛ ጋር ይቀመጥ? ወላጅ በቁማችን ይበላናል። ይቅርብን፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ካሁን በላይ ምን ቀረንና ይበሉናል?»

ሳቁ። እሺ ግን አላሉም።

ጥቅምት 19

እህቴ ጋ ደወልኩ። ሚጣዬን ላመጣት ነው አልኳት። ለምን? ስለ ስብሰባው ነገርኳት።

«ልጅቷ የክርክር ማስረጃ ናት እንዴ? የሰው አፍ ለመዝጋት ልጅ ከትምህርቷ ይነቀላል?»

«ናፍቃኛለች።»

«እንደሱ በይ።»

እውነቷን ነው... ለሰውዬው መልስ መስጠት ፈልጌ ነው፣ ወይስ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን መሥራት አምሮኝ? ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ተውኩት።

ኅዳር 13

የሂሳብ መምህሩ ዝውውር ደረሰውና ሄደ። ወጣት ነው፣ አልፈርድበትም። «አይዞሽ፣ ሌላ ይልኩልሻል» አለኝ ሻንጣውን አንጠልጥሎ። መቼ? እስከዚያው ሂሳቡን እኔ ይዣለሁ፤ ቢሮዬ ተቆልፎ ይውላል።

የንባብ ሰዓቱ ተጀምሯል። ትርምስ በሉት። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። ጋሼ ይቅርብን ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ፊደል ያልለዩትን ሰብስበው ወሰዱ። ምንም አልተናገርኩም። እንዳይደነግጡ።

ታኅሣሥ 8

«እማዬ፣ እየተጫወትን ነው፣ ቻው!» ዘጋችው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ኮረብታው ላይ ቆየሁ።

የካቲት 2

መጣች! የከተማዎቹ ከእኛ ቀድመው ነው ለእረፍት የሚዘጉት። አናቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። የለበሰችውን ቀሚስ አላውቀውም። ፀጉሯን ልሥራሽ ብላት «አክስቴ ሠርታኛለች» አለችኝ። ቢሆንም ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ቢያማትም ዝም አለችኝ፣ የእኔ ብልህ።

የካቲት 5

ሦስቱንም ቀን ትምህርት ቤት ይዣት ዋልኩ። ዛሬ ምሳ ላይ፦

«እማዬ፣ እዚሁ ብቀርስ?»

እሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ነገ ጠዋት አራተኛ ክፍል ገብታ ምን እንደምትማር አሰብኩ። የሳይንስ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ። ሂሳብ እኔ፣ እሱም ስብሰባ ካልጠሩኝ...

«ገና ነው፣ ሚጣዬ።»

«ምኑ?»

«ትምህርት ቤቱ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዳይሬክተሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

የካቲት 9

አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። በመስኮት እያየችኝ ሄደች። እግሬ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ወሰደኝ። ባለወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ።

«ልጄን አሁን መለስኳት» አልኩት። «እዚሁ ልማር ብላኝ ነበር። እውነትዎን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ገና ነው። ድንጋዩን የለመንኳችሁ ስለበቃ አይደለም፤ እንዲበቃ ነው።»

ገብቶ ወፍጮውን አጠፋ። ተመልሶ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ያኔ እንዲህ ብለው ቢናገሩ ኖሮ...» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «አልቅሰዋል እንዴ?»

«ዱቄቱ ነው።»

«እሺ። ዱቄቱ ነው።»

መጋቢት 1

ድንጋይ! ባለወፍጮው በጋሪ አመጣ። በማግስቱ ጎረቤቱ፤ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት። ጋሼ ይቅርብን ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ሲያቀብሉ ዋሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ...» ብለው ጀመሩና ትንፋሽ አጥሯቸው ሳይጨርሱት ቀሩ።

የባለወፍጮው ልጅ ከጋሪው ኋላ ቆማ ነበር። የንባብ ሰዓቱ ትምህርት ለተወ ሰውም ይሆናል ወይ አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

ሚያዝያ 17

የባለወፍጮው ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ነው የምትቀመጠው፤ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አይገባም። ዛሬ እየተንተባተበች ግማሽ ገጽ ደረሰችና ድንገት ቆመች። ከበደሽ? አልኳት።

«ቆይ... ይሄ ታሪክ ነው እንዴ?»

«ታሪክ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን አልነገራችሁን!»

ጋሼ ይቅርብን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው የተጠረገውን ሰሌዳ ደግመው ጠረጉት።

አዲሷ የሂሳብ መምህርት ከትናንት ወዲያ ገብታለች። ሳቂታ ናት። የተከራየችውን ቤት ግድግዳ ራሷ ቀለም እየቀባች ነው። ቀለም የሚቀባ ሰው ቶሎ አይሄድም... አይደል?

ሰኔ 24

ግድግዳው አለቀ። ጣሪያውም። ለክረምቱ እረፍት ልጆቹን ከሸኘሁ በኋላ ባዶዎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ ዞርኩ። እዚህ አስቀምጣት ነበር? እዚህስ? አዎ። እዚህም አዎ። እየሮጥኩ ነው ኮረብታውን የወጣሁት፣ በዚህ ዕድሜዬ።

«ሚጣዬ! ትምህርት ቤቱ ደርሷል። መስከረም ላይ እዚህ ትማሪያለሽ።»

«እማዬ... አንድ ነገር ብልሽ ትቆጫለሽ?»

«አልቆጣም።»

«አምስተኛ ክፍል ከጓደኞቼ ጋር ነው የመደቡኝ። ክረምቱን እመጣለሁ፣ ሙሉውን። ግን መስከረም ላይ ቤት ልመለስ...»

«ቤት» አለች፣ የእህቴን ቤት። ሳታስበው ነው።

«ገባኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

እህቴ ስልኩን ተቀበለቻት። ልምከራት ወይ አለችኝ። ተያት አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ተያት።

መስከረም 15

የትምህርት መጀመሪያ ቀን። ሚጣዬ ባለፈው ሳምንት ሄደች። ከርማ ስለሄደች ቤቱ ይበልጥ ሰፋብኝ።

ባለወፍጮው ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኝ። ልጁ ቀድማው ገብታለች፤ መለስ ብላ እንኳ አላየችውም። «ተወችኝ!» አለ እየሳቀ። ከዚያ፦

«የእርስዎዋስ? ዘንድሮ መቼም...»

«አትመጣም።»

«ምነው፣ ትምህርት ቤቱ አሁንም ገና ነው?»

«ትምህርት ቤቱማ ደርሷል። የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

አንደኛ ክፍል ገባሁ። በአዲስ ገቢዎች ጢም ብሏል። ከፊት የተቀመጠች፣ ግራና ቀኝ ጫማዋን አፋልሳ ያደረገች አንዲት ፍንጭት ጣቷን አውጥታ ጮክ ብላ ጠራችኝ፦

«እማዬ!»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ወዬ» አልኳት። «ወዬ፣ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»